ለግድግዳው ዓይን ይበቃዋል፤ የሚመረመረው እህሉ ነው

ባለፈው እትም «የምንተነፍሰው አየር ይመርመር» በሚል ርእስ የወጣውን ጽሑፍ አብዛኞቻችሁ አንብባችሁታል፤ ያላነበበም በምግብ አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈውን የመዋጮ ዝርዝር ሳያይ አላለፈም። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በሰሜን በኩል ያሉት የመኝታ ክፍሎች ግድግዳ ከሰኔ ወዲህ ጠቁሯል፤ የፍራሹ ጀርባ አረንጓዴ ሆኗል፤ ተማሪው ያስላል። አቤት ብንል የመኝታ ቤቶች ኃላፊ «ሻጋታው በሽታ የሚያመጣ መሆኑ በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ ገንዘብ ማውጣት አልችልም» የሚል ደብዳቤ ጻፉልን። የማኅበራችን ኮሚቴ ደግሞ ይህን ደብዳቤ እንደ ድል ቆጥሮ፣ እያንዳንዱ ተማሪ 50 ብር ያዋጣና አየር መርማሪ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን ብሎ ተነሣ። ቅዳሜ በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ይሰጥበታል።

እኔ እጄን አላወጣም። ለጤናችን ደንታ የለውም የሚለኝ ወንድም ቢኖር፣ በዚያው ክፍል በዚያው በጠቆረው ግድግዳ ሥር የምተኛ መሆኔን አስቀድሞ ይወቅልኝ።

ኃላፊውና ኮሚቴው ላይ ላዩን ሲያዩአቸው የተጣሉ ይመስላሉ። በዋናው ጉዳይ ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ዓይን ያየውንና አፍንጫ ያሸተተውን ነገር ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልመሰከረለት አለ ለማለት አይደፍሩም። ልዩነታቸው፣ አንደኛው ወረቀቱ ባይመጣ ደስ ይላቸዋል፤ ሌላው እንዲመጣ ይቸኩላል። እስኪ እንጠይቅ፤ ወረቀቱ ቢመጣስ ምን ይነግረናል?

መርማሪው የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። አንዲት ትንሽ መሣሪያ በክፍሉ መካከል አቁሞ ለጥቂት ደቂቃ አየር ይስባል፤ በአየሩ ላይ የሚንሳፈፈው የሻጋታ ዘር በማጣበቂያ ወይም በሳህን ላይ ይያዛል፤ ከዚያ በአጉሊ መነጽር ይቆጠራል፣ ወይም እስኪበቅል ይጠበቃል። ነገር ግን የሻጋታ ዘር በውጭም በቤትም፣ በንጉሥ አዳራሽም በደሀ ጎጆም አለ። ቁጥሩም በር ሲከፈት፣ ብርድ ልብስ ሲራገፍ፣ ነፋስ ሲነሣ ይለዋወጣል፤ ጧት የተለካው ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። እንግዲህ መርማሪው «በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ይህን ያህል ዘር ተገኝቷል» ብሎ ቢጽፍልን ቁጥሩ ብዙ ነውን? ወይስ ጥቂት? ከምን ጋር እናመዛዝነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ ሲያወጣ፣ ከዚህ ቁጥር በታች ደኅና ነው ከዚህ በላይ አደጋ ነው የሚያሰኝ ወሰን ለማስቀመጥ እንደማይቻል ገልጿል። ምክሩም እርጥበቱን ከልክሉ፣ የበቀለውንም አስወግዱ የሚል ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በዓይን የሚታይ ሻጋታ ካለ ናሙና መውሰድ በአብዛኛው አያስፈልግም ሲል ይመክራል።

እንግዲህ ወሰን የሌለው ቁጥር በእጃችን ሲገባ ኃላፊው የሚሉትን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን «አየራችሁ ንጹሕ ነው፤ ሂዱና አጥኑ» ይሉናል። ትልቅ ቢሆን «ከየትኛው ወሰን እንዳለፈ አሳዩኝ» ይሉናል። በገዛ ሃምሳ ብራችን በራሳችን ላይ የሚመሰክር ምስክር መቅጠር አይሆንብንምን?

ባለፈው እትም የጻፈው ወንድማችን ሻጋታ የማያመጣው በሽታ የለም ሊል ምንም አልቀረውም። ራስ ምታቱም፣ መርሳቱም፣ ድካሙም፣ የፈተናው ውጤት መውረድም ሁሉ ከግድግዳው መጣ አለን። (በሒሳብ ያገኘሁትን ውጤት በግድግዳው ባመካኝ ከእኔ የበለጠ የሚደሰት አይገኝም ነበር።) እውነቱ ግን ከዚህ ጠበብ ይላል። በአሜሪካ የሕክምና ተቋም የሚባለው የሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ እርጥብ ቤቶች ባወጣው መጽሐፍ፣ እርጥበትና ሻጋታ ከአፍንጫና ከጉሮሮ መቆጣት፣ ከሳልና ከደረት ሲርሲርታ፣ አስም ካለበትም ሰው ከአስሙ መነሣት ጋር ለመያያዙ በቂ ማስረጃ አግኝቷል። ለድካሙና ለመርሳቱ ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። ከዚያ በፊት በክሊቭላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሕፃናት ሳንባ እየደማ ሐኪሞች ሲደነግጡ፣ በቤታቸው ጥቁር ሻጋታ ተገኝቶ በሽታው ከዚያ መጣ ተባለ፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ግን ጥናቱን እንደገና አገላብጦ እ.ኤ.አ. በ2000 ግንኙነቱ አልተረጋገጠም አለ። ወሬው ግን እርማቱን አልጠበቀም።

ይህን ስል የግድግዳውን ጥቁረት አቃልላለሁ ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ አዋብ ኢስሃቅ የሚባል የሁለት ዓመት ሕፃን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሞተ። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ነበሩ። አባቱ ስለ ሻጋታው ደጋግሞ አቤት ብሎ ነበር፤ ቤቱን የሚያከራየው ድርጅት ግን ነገሩን በቤተሰቡ አኗኗር አመካኘው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የአሟሟት መርማሪዋ ሕፃኑ በመኖሪያው ሻጋታ ምክንያት በደረሰበት ከባድ የመተንፈሻ ሕመም መሞቱን ወሰነች፤ በሚቀጥለው ዓመትም በስሙ የሚጠራ ሕግ ወጣ። ልብ በሉ፤ በዚያ ቤት ሻጋታ መኖሩን ያላወቀ ሰው አልነበረም፤ አባትየው ያየውንም ነገር የሚያደርቅለት አላገኘም። የእኛ ኃላፊና የእኛ ኮሚቴ ከዚህ ታሪክ የሚማሩት ነገር የለምን?

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ክረምት ከእኔ ክፍል አንድ ጓደኛችን ሦስት ሳምንት ሙሉ አሳለው። እኛ የተማርን ነን ባዮች በዙሪያው ተቀምጠን «ሻጋታው ነው፤ ሻጋታው ነው» አልነው። እሱም አመነን። በመጨረሻ አክታው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው አክታውን ማስመርመር እንዳለበት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለገጠሩ እናት ትነግራለች፤ መድኃኒቱም ያለ ክፍያ ይሰጣል። እኛ ግን ግድግዳውን ስንከስስ ሰውየውን ረሳነው፤ ስድስት ሆነንም በአንድ ክፍል አብረን ተኛን። ምርመራ የሚገባው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ መልሱ አዎን ሲሆን አንድ ሥራ፣ አይደለም ሲሆን ሌላ ሥራ የሚያሠራ ነገር። የግድግዳው ምርመራ ግን አዎን ቢልም አይደለም ቢልም የሚያሠራን ሥራ አንድ ነው፤ ውሃውን ማቆም።

ውሃው ከየት እንደሚመጣም ሳንመረምር አልቀረንም። ባለፈው እሑድ ከአንድ የምህንድስና ተማሪ ጋር ሆነን ሕንጻውን ዞርነው። በጣሪያው ጠርዝ ያለው አሸንዳ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኗል፤ በሁለት ቦታ ተቀድዷል፤ ዝናቡ ሲመጣ ሞልቶ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ጥቁረቱ ከላይ ከማዕዘኑ ጀምሮ ወደ ታች መውረዱ ለዚህ ነው። በመታጠቢያው በኩል ደግሞ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ። የቀረው የእኛ የራሳችን ጥፋት ነው፤ ልብስ አጥበን በክፍሉ ውስጥ እንሰቅላለን፤ ብርዱን ፈርተን መስኮቱን በምስማር መትተናል፤ ስድስት ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ይህን ለማወቅ የጠፋብን ከሰዓት በኋላችን ብቻ ነው። በረኪና እየረጨን ጥቁረቱን ማንጣት ደግሞ ራስን መደለል ነው፤ ውሃው እስካለ ድረስ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። አሸንዳው ተጠርጎ፣ ቧንቧው ተጠግኖ፣ ግድግዳው በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ኖራ ቢቀባ ምን ያህል ብር ይፈጃል? ከመርማሪው አበል አይበልጥም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ።

እኔ የአበርገሌ ልጅ ነኝ። አበርገሌ ቆላ ነው፤ የፍየልና የማሽላ አገር፣ ከታች ተከዜ የሚሄድበት። በኒሯቅ ዙሪያ ግድግዳ ሻግቶ አላየሁም፤ ፀሐዩ ለሻጋታ ፋታ አይሰጥም። ሻጋታን የማውቀው በእህል ነው። እናቴ ገበያ ወጥታ ማሽላ ስትገዛ መጀመሪያ እጇን እስከ ክርኗ በጆንያው ውስጥ ትከታለች፤ ውስጡ ሞቆ ከሆነ ትታ ትሄዳለች። ከዚያ ታሸተዋለች። ከዚያ አንዲት ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች፤ ቀጭ ካላለ አልደረቀም። ይህን ሁሉ ስታደርግ ነጋዴው በትዕግሥት ይቆማል፤ ያላደረገችለት እንደሆነ ነው የሚደነግጠው።

በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ተፈናቀለ፤ እኛም ከዚያው ውስጥ ነበርን። በዚያ ክረምት እህሉ በሸራ ሥር በመሬት ላይ ይቀመጥ ነበር። ሸራው ከላይ ያፈስሳል፤ መሬቱ ከታች ያረጥባል። አንድ ቀን እናቴ የደረሰንን ማሽላ በሰፌድ ላይ ዘርግታ የጠቆረውንና የተያያዘውን እየለቀመች «ልጄ፣ ይኼስ ለፍየልም አይሆን» አለችኝ። የለቀመችውን ጣለችው። የቀረውን አስፈጨችው። ሌላ ምን ታድርግ? ስድስት ነፍስ ይጠብቃታል።

የእናቴ ዓይን የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ የላቦራቶሪውም ተራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ባልደረቀ እህል ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች፣ በተለይ አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚባለው፣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ ሽታም ጣዕምም ቀለምም የለውም። ሻጋታው ተጠርጎ፣ እህሉ ታጥቦ ንጹሕ ሲመስል መርዙ በፍሬው ውስጥ ሊቀር ይችላል። የምጣዱም እሳት አያጠፋውም። ብዙ ሆኖ ሲበላ ጉበትን በቀናት ይገድላል፤ ጥቂት በጥቂት ለዓመታት ሲበላ የጉበት ነቀርሳ ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ በደሙ ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ነው። ዓለም ይህን መርዝ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ከብራዚል በመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ምክንያት ካለቁ በኋላ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 እርጥብ በቆሎ በቤታቸው ያከማቹ ገበሬዎች ታመሙ፤ ከተመዘገቡት 317 ሕመምተኞች 125ቱ ሞቱ። በጎታ ሥር ተቀምጦ ሰው የሚገድል ነገር እያለ እኛ የአየር ዘር ስንቆጥር እንውላለን።

በአገራችንም ምልክቱ አልጠፋም። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ስለሚሸጥ ወተት የተደረገ ጥናት ሲወጣ ከተማው መደንገጡን ታስታውሳላችሁ። ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች አፍላቶክሲን ያልተገኘበት አንድም አልነበረም፤ የአውሮፓን ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ምንጩም ላሟ የበላችው የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ታወቀ። ሰው ለጥቂት ጊዜ ወተት ተወ፤ ከዚያ ረሳው። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ መርምሮ በአንዳንዱ ውስጥ ይህንኑ መርዝ አግኝቷል። ሽሮና በርበሬ! የእኛ የምግብ አዳራሽ ከሰኞ እስከ እሑድ የሚያቀርብልን ሌላ ምን አለና?

በእህል ላይ የሚመጣ ሻጋታ ለወገናችን እንግዳ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ግድም በወሎ በዋድላ ደላንታ ገበሬዎች ጣታቸውና እግራቸው እየደረቀ የሚቆረጥበት በሽታ ገባ፤ ያን ጊዜ የእኛ ዋግም የወሎ አውራጃ ነበረች። ምክንያቱ ከገብሱ ጋር በተቀላቀለው ሲናር ላይ የበቀለ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ይኸው በአርሲ ተደገመ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የአገሬው ሰው መቅሠፍት ነው ይላል፤ አይፈረድበትም፤ መርምሮ የነገረው የለም።

የእህሉ ምርመራ ከአየሩ ምርመራ የሚለይበት እንግዲህ ይህ ነው። ወሰን አለው፤ አገሮች በሕግ ያስቀመጡት ቁጥር አለ። እህሉ ከወሰን ካለፈ አይበላም፤ ካላለፈ ይበላል። ቁጥሩ ሥራ ያሠራል። እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለ በጥቂት ደቂቃ የሚነበብ ወረቀትም አለው። ችግር የለበትም አልልም፤ መርዙ በጆንያው ውስጥ እኩል አይበተንም፤ አንድ እፍኝ ደኅና ሆኖ ሌላው እፍኝ የተመረዘ ሊሆን ይችላልና ከብዙ ቦታ ተወስዶ፣ ተቀላቅሎ፣ ተፈጭቶ መመርመር አለበት። ይህን ማድረግ ግን የተማረ ሰው ሥራ አይደለምን? እኛስ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ክፍል የምንማረው ለመቼ ነው?

ላቦራቶሪ እስኪደርስ ድረስም ለገበሬው የሚነገር ነገር አለ። በደንብ የደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ደረቅ ጨውና ከዚያ የሚበልጥ እህል አግብቶ፣ ዘግቶ መነቅነቅና ጥቂት ጊዜ ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተጣበቀ ይከተት። መርዙን አይነግርም፤ መርዙ የሚፈጠርበትን እርጥበት ግን ይነግራል። ይህን ለእናቴ አሳየኋት። ሞከረችውና «የእኔ ጥርስም ይህንኑ አለ» ብላ ሳቀች፤ ጠርሙሱን ግን አልመለሰችልኝም።

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ «የአበርገሌን ጉዳይ በእኛ መዋጮ ልትሠራበት ነው ወይ?» ይለኝ ይሆናል። እንዲህ ያለው ወንድም የሚበላው እህል በግቢያችን የአትክልት ስፍራ የበቀለ ይመስለዋልን? በምግብ አዳራሹ የሚፈጨው እህል ከገበሬው ጎታ ወጥቶ፣ በነጋዴው መጋዘን ከርሞ፣ በዝናብ ተጭኖ የመጣ ነው። የገበሬው ጎታ ከረጠበ የእኛም ሳህን ረጥቧል። ይልቅስ የሚገርመኝ፣ የከተማ ልጅ በራሱ ግድግዳ ላይ ያየውን ጥቁር ነጥብ ለማስመርመር ከአዲስ አበባ ባለሙያ ሲያስጠራ፣ የሚያበላው ገበሬ በሰፌድ ላይ በጣቱ እየለቀመ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ሁለት አሳብ አቀርባለሁ። መዋጮው ይሰብሰብ፤ ነገር ግን ለአሸንዳ ቆርቆሮ፣ ለቧንቧው ጥገና፣ ለሳሙና፣ ለብሩሽና ለኖራ ይዋል፤ ደረሰኙም ለኃላፊው ተልኮ ገንዘቡ እንዲመለስልን ይጠየቅ፤ ቢከለክሉን በሚቀጥለው እትም ደረሰኙን እናትመዋለን። ሁለተኛው፣ የምግብ አዳራሹ ሽሮ፣ በርበሬና ኦቾሎኒ ሲገዛ አቅራቢው የአፍላቶክሲን ምርመራ ውጤት እንዲያቀርብ በጨረታው ላይ እንዲጻፍ ማኅበሩ በይፋ ይጠይቅ። በክረምቱም ወደየአገራቸው የሚመለሱ የዋግ ተማሪዎች ጨውና ጠርሙስ ይዘው እንዲሄዱ እኔ ራሴ አሰባስባለሁ፤ ለዚህ የማንንም ሃምሳ ብር አልጠይቅም።

መሰላሉን ከግቢው ዘበኛ ከአባ ላይ ተውሼአለሁ። እሑድ ከቁርስ በኋላ አሸንዳውን እንጠርጋለን፤ መጥረጊያ ያለው ይዞ ይምጣ፤ መስኮቱን በምስማር የመታውም መንቀያውን አይርሳ።